የቤታችን ኮምፒውተር ዘበኛ ማን ይሁን?



ክረምቱ በእንጅባራም በዳንግላም እንደ ወትሮው ነው። ዝናቡ ከዙህር በፊት ይጀምራል፣ መብራቱ ከመግሪብ በፊት ይሄዳል። ትምህርት ቤት ስለተዘጋ የመድረሳዎቻችን ምንጣፍ በልጆች ሞልቷል፣ አልሐምዱሊላህ። ዘንድሮ ታዲያ ከልጆቹ ጋር ኮምፒውተርም አብሮ እየመጣ ነው። ለልጆቻቸው ብለው ያገለገለ ላፕቶፕ ከባሕር ዳር ወይም ከአዲስ አበባ ያስመጡ ወላጆች፣ ከሱቃቸው ሒሳብ ጎን የቁርኣን ቅጂና የደርስ ድምፅ የሚያስቀምጡ ነጋዴዎች፣ የጀመዓቸውን መዝገብ ከደብተር ወደ ኮምፒውተር ያዛወሩ ወጣቶች ከሶላት በኋላ ጠጋ ብለው አንድ ዓይነት ነገር ይጠይቁናል። «ኡስታዝ፣ የትኛውን አንቲቫይረስ ብንጭን ይሻላል? ፋየርዎል የሚሉትስ ያስፈልገናል?»

በዚህ ቡለቲን ላይ ስለ ኮምፒውተር ቫይረስ መጻፍ ቅንጦት የሚመስለው ሰው አይጠፋም። ለእኛ ግን አይመስለንም። በሐምሌ 2006 በዞን ዘጠኝ ጦማሪያንና አብረዋቸው በታሰሩት ጋዜጠኞች ላይ በፀረ ሽብርተኝነት አዋጅ ክስ ሲመሠረት በክሱ ከተጠቀሱት ነገሮች አንዱ «ሴኩሪቲ ኢን ኤ ቦክስ» የተባለ ሥልጠና ነው። ስሙ ሲሰማ ያስፈራል። ነገሩ ግን ማንም ሰው ከኢንተርኔት በነፃ አውርዶ የሚያነበው መመሪያ ነው። በዚያን ጊዜ ውስጡ ምን ነበር? አቫስት አንቲቫይረስ እንዴት ይጫናል፣ ኮሞዶ ፋየርዎል እንዴት ይስተካከላል፣ የይለፍ ቃል እንዴት ይመረጣል፣ የጠፋ ፋይል እንዴት ይመለሳል። የቤት ቁልፍ አያያዝን የሚያስተምር መጽሐፍ እንደ ወንጀል ማስረጃ ሲቆጠር ምን ይባላል?

ዜናው ከተሰማ በኋላ አንድ ወጣት ወደ እኛ መጥቶ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ኡስታዝ፣ አቫስት መጫን ያሳስራል እንዴ?» አለን። ሳቅንም፣ አዘንንም። መልሳችን፦ አንቲቫይረስና ፋየርዎል መጫንን የሚከለክል አዋጅ በዚህ አገር የለም። ባንኮቹም፣ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶቹም ይጭናሉ። እንዲያውም የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 የማንኛውም ሰው ማስታወሻና የሚጻጻፈው ደብዳቤ፣ በስልክም ሆነ በኤሌክትሮኒክስ መሣሪያ የሚያደርገው ግንኙነት አይደፈርም ይላል። በ2012 የተሻረው የፀረ ሽብርተኝነት አዋጅ ቁጥር 652/2001 እንኳ በአንቀጽ 14 የሰው ስልክና ግንኙነት የሚጠለፈው በፍርድ ቤት ፈቃድ ነው ብሎ ይጀምር ነበር። ስለዚህ በሩን የሚቆልፍ ሰው ሕግ አልጣሰም። ማብራሪያ የሚጠየቀው ያለ ፈቃድ የሰው በር የሚከፍተው ነው።

ከፍርሃቱ በተጨማሪ በጀመዓችን ውስጥ ሁለት ሌሎች አስተያየቶች ይሰማሉ። ሁለቱም ከበጎ ልብ የመጡ ናቸው፣ ሁለቱም ግን አያሳምኑንም።

አንደኛው «የምንደብቀው ነገር የለንም» የሚለው ነው። እንቅስቃሴያችን ከአወሊያ ጀምሮ በአደባባይ የተካሄደ፣ ጥያቄውም በጽሑፍ ለመንግሥት የቀረበ ሰላማዊ እንቅስቃሴ ነው፤ ታዲያ ቢሰልሉንስ ምን ያገኛሉ ይላሉ ወንድሞች። ስለ እንቅስቃሴው ከሆነ እውነት ነው። ነገር ግን እስቲ አንድ የመስጂድ ወይም የመድረሳ ኮምፒውተር ከፍተን እንይ። የዘካና የሰደቃ ተቀባዮች ዝርዝር አለ፤ ሰው እንዳያየው በጨለማ እርዳታ የተቀበለች የየቲሞች እናት ስም አለበት። ባልና ሚስት ለማስታረቅ ሽማግሌዎች የያዙት ማስታወሻ አለ። የኒካሕ ፎቶ አለ፤ እህቶቻችን በሴቶች ክፍል ሒጃባቸውን አውልቀው የተነሱት። የልጆች ስምና የወላጆቻቸው ስልክ አለ። ከነዚህ ውስጥ አንዱም ወንጀል አይደለም፣ አንዱም ግን ለባዕድ ዓይን የተሰጠ አይደለም። የእኛም ንብረት አይደለም። አማና ነው። «የምደብቀው የለኝም» ማለት የሚችለው ሰው ስለ ራሱ ምሥጢር ብቻ ነው፤ ስለዚያች እናት ምሥጢር እንዲህ የማለት ሥልጣን ማንም አልሰጠውም። ሱረቱ ኑር በአንቀጽ 27 ሰው ቤት ሳያስፈቅዱና ሰላም ሳይሉ መግባትን፣ ሱረቱል ሑጁራት ደግሞ በአንቀጽ 12 የሰውን ነውር መሰለልን ይከለክላሉ። መከልከሉ ሰላዩን ነው፤ ነገር ግን ቤቱን ክፍት አድርጎ የሚተኛ ባለአደራም ከተጠያቂነት የሚያመልጥ አይመስለንም።

ሁለተኛው «ተወኩላችን በአላህ ላይ ነው» የሚለው ነው። በዚህ ላይ ብዙ መናገር አያስፈልግም። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ግመሉን ሳያስር ሊመካ ለፈለገው ሰው የሰጡትን መልስ የመድረሳችን ትንሹ ልጅ ያውቀዋል።

ወደ ዋናው ጉዳይ እንግባ። ከማን ነው የምንጠብቀው? ይህ ካልታወቀ «የትኛው አንቲቫይረስ» የሚለው ጥያቄ መልስ የለውም። ሌባም አለ፣ ጅብም አለ፤ ለሁለቱም አንድ ዓይነት አጥር አይበቃም።

የመጀመሪያው ጠላት ተራው ቫይረስ ነው። በእኛ አካባቢ ኢንተርኔት ውድና ዘገምተኛ ስለሆነ ብዙው ቫይረስ የሚገባው በኢንተርኔት ሳይሆን በፍላሽ ነው። ፍላሹ ፎቶ ኮፒ ቤት ይሄዳል፣ ኢንተርኔት ካፌ ይሄዳል፣ ነሺዳ ሊቀዳ ጓደኛ ቤት ይሄዳል፣ ተመልሶ ሲመጣ ፎልደሮቹ ሁሉ ወደ ሾርትካትነት ተለውጠዋል። ፋይሎቹ አብዛኛውን ጊዜ አልጠፉም፤ ተደብቀው ነው። ቫይረሱ እውነተኛውን ፎልደር ይደብቅና በቦታው ተመሳሳይ ስም ያለው ሾርትካት ያስቀምጣል፤ እሱን የነካ ሰው መጀመሪያ የሚከፍተው ቫይረሱን ነው። ስለዚህ ወዲያው ፎርማት አታድርጉ። ብዙ ሰው የዓመት ደርሱን ያጣው በቫይረሱ ሳይሆን በችኮላ ፎርማት ነው። ለዚህ ጠላት ማንኛውም የታወቀ፣ በየጊዜው የሚታደስ ነፃ አንቲቫይረስ ይበቃል።

ሁለተኛው ጠላት ሌላ ነው። እሱ ሁሉንም ሰው አይፈልግም፤ አንተን ነው የሚፈልገው። እዚህ ላይ የምንናገረው በወሬ የሰማነውን አይደለም። በካናዳ የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ሲትዝን ላብ የተባለ የጥናት ማዕከል አለ። ይህ ማዕከል መጋቢት 4 ቀን 2005 ባወጣው ጥናት ፊንስፓይ የተባለው የስለላ ፕሮግራም መቆጣጠሪያ ኮምፒውተሮች በ25 አገራት መገኘታቸውን ገለጸ። ከነዚያ አንዷ ኢትዮጵያ ነበረች፤ የኮምፒውተሩም አድራሻ በኢትዮ ቴሌኮም ሥር የተመዘገበ ነበር። ማጥመጃው ምን ነበር? የአንድ የፖለቲካ ድርጅት ሰዎች ፎቶ። ፎቶውን ለማየት ፋይሉን የከፈተ ሰው ሰላዩን ቤቱ ያስገባል። የካቲት 5 ቀን 2006 ደግሞ ይኸው ማዕከል ሁለተኛ ጥናት አወጣ። ታኅሣሥ 11 ቀን 2006 በውጭ አገር ለሚሠሩ የኢሳት ጋዜጠኞች በስካይፕ ፋይሎች ተልከውላቸዋል። ፋይሎቹ የሚነበብ ጽሑፍ ይመስላሉ፤ ውስጣቸው ግን የጣሊያኑ ሃኪንግ ቲም ኩባንያ ለመንግሥታት ብቻ እሸጠዋለሁ ይለው የነበረው የስለላ መሣሪያ ነበረ። የእነዚህ ሰዎች የፖለቲካ አቋም የእኛ ጉዳይ አይደለም፤ የእኛ እንቅስቃሴ ከየትኛውም ፓርቲ ጋር እንዳልሆነ ከመጀመሪያው ቀን የተነገረ ነው። ጉዳያችን መንገዱ ነው። ለእነሱ የተከፈተ መንገድ ለእኛ አይዘጋም።

ሌላም አለ፤ ይህኛው በተለይ የመድረሳ ሰዎችን ሊያስገርም ይገባል። በ2004 ሚያዝያና ግንቦት ለባሕሬን የመብት ተሟጋቾች በኢሜይል ይኸው ፊንስፓይ ተልኮላቸው ነበር። ምርመራው ይፋ የሆነው በሐምሌ 2004፣ ኮሚቴዎቻችን በታሰሩበት በዚያው ወር ነው። የተላከው ፋይል ስሙ ሲታይ መጨረሻው «ጄፒጂ» ነው፤ ማለት ፎቶ ነው። በስሙ ውስጥም የታወቀው ተሟጋች የነቢል ረጀብ ስም ነበረበት። እውነተኛ መጨረሻው ግን «ኢ ኤክስ ኢ» ነበር፤ ማለት ፕሮግራም ነው። እንዴት ሆነ? አሊፍ፣ ባ፣ ታ ያስቆጠረ ሁሉ እንደሚያውቀው ዐረብኛ ከቀኝ ወደ ግራ ይጻፋል። ኮምፒውተር ዐረብኛንና ዕብራይስጥን ከሌሎች ቋንቋዎች ጋር ቀላቅሎ መጻፍ እንዲችል ለዓይን የማይታይ ምልክት ተሠርቶለታል፤ «ከዚህ በኋላ ያለውን ከቀኝ ወደ ግራ አሳይ» የሚል ትእዛዝ ነው። አጥማጆቹ ያንን ምልክት በፋይሉ ስም ውስጥ ከተቱት። የስሙ መጨረሻ ወደ መጀመሪያ፣ መጀመሪያው ወደ መጨረሻ ዞሮ ታየ። ለዐረብኛ ተብሎ የተሠራ መሣሪያ ዐረብኛ ተናጋሪዎችን ለማጥመድ ዋለ ማለት ነው። እኛ በየቀኑ የዐረብኛ ስም ያላቸው ፋይሎች፣ ኪታቦች፣ ኹጥባዎች እንለዋወጣለን። ስሙ የተገለበጠ ፋይል ብናይ «የዐረብኛ ጠባይ ነው» ብለን የምናልፍ ሰዎች ነን። ተጠንቀቁ።

መፍትሔውን እዚሁ እንናገር። ዊንዶውስ የፋይሎችን መጨረሻ ስም ስለሚደብቅ መጀመሪያ እሱን አስወግዱ፦ በኮንትሮል ፓነል ውስጥ ፎልደር ኦፕሽንስ፣ ከዚያ ቪው የሚለውን ከፍታችሁ «ሃይድ ኤክስቴንሽንስ ፎር ኖውን ፋይል ታይፕስ» ከሚለው ላይ ምልክቱን አንሱ። ይህ ብቻ ግን ለተገለበጠው ስም አይበቃም። ፎልደሩን «ዲቴይልስ» በሚለው መልክ ክፈቱና «ታይፕ» ከሚለው ዓምድ ሥር የተጻፈውን አንብቡ። ስሙ ፎቶ ወይም ፒዲኤፍ እየመሰለ ዓይነቱ «አፕሊኬሽን» ወይም «ስክሪን ሴቨር» ካለ ፕሮግራም ነው። አትክፈቱት። ሰላሳ ሴኮንድ የማይፈጅ ሥራ ነው፤ በእኛ እምነት ከብዙ ውድ አንቲቫይረስ ይበልጣል።

አንቲቫይረስ ይህንን ሁለተኛ ጠላት አይዘውም? እዚህ ላይ ሰውን ማታለል አንፈልግም። የፊንስፓይ ሻጮች ለደንበኞቻቸው ያዘጋጁት፣ በኋላም በዊኪሊክስ የወጣው ማስታወቂያቸው ፕሮግራሙ በየጊዜው የሚፈተኑ 40 አንቲቫይረሶችን አልፎ እንደሚገባ በኩራት ይናገራል። ነጋዴ ስለ ዕቃው ሲናገር ያጋንናል፤ ቢሆንም ከጥፋቱ በኋላ እንጂ ከጥፋቱ በፊት የሚታወቅ ዕቃ እንዳልሆነ ግልጽ ነው። አንቲቫይረስ የሚያውቀው አስቀድሞ የታየውን ወይም ያንን የሚመስለውን ነው። ለአንድ ሰው ተብሎ የተሰፋውን ልብስ በገበያ አያገኘውም። ስለዚህ አንቲቫይረስ እንደ ክታብ አንገት ላይ ታስሮ የሚያድን ነገር ተደርጎ አይታይ። ክታብን ለመቃወም ስንት ደርስ ሰጥተናል፤ በአረንጓዴ ምልክቱ ሲያምር ጊዜ ኮምፒውተር ላይ ሌላ ክታብ ማንጠልጠል የለብንም።

ወደ ፋየርዎል እንምጣ። ፋየርዎልን ብዙ ሰው ከአንቲቫይረስ ጋር ይቀላቅለዋል። አንቲቫይረስ ቤት ውስጥ እየዞረ ሌባ የሚፈልግ ነው። ፋየርዎል ግን በር ላይ የቆመ ዘበኛ ነው፤ ማን ገባ፣ ማን ወጣ ይላል። ዘበኛም ግን ከዘበኛ ይለያል። የዊንዶውስ ኤክስፒ ዘበኛ የሚጠይቀው የሚገባውን ብቻ ነው፤ የሚወጣውን አያይም። የዊንዶውስ 7 ዘበኛ የሚወጣውንም መጠየቅ ይችላል፤ ነገር ግን ካላዘዙት በስተቀር የሚወጣውን ሁሉ ያሳልፋል። የስለላ ፕሮግራም ባሕርይ ደግሞ ይህ ነው፦ በፋይል ተሸፍኖ በገዛ እጃችን ከገባ በኋላ ከውስጥ ወደ ውጭ ይደውላል። የጻፍነውን፣ የተናገርነውን፣ በካሜራው ያየውን ተሸክሞ ይወጣል። ለሚገባ ሰው ብቻ «ማን ነህ» የሚል ዘበኛ ዕቃ ተሸክሞ የሚወጣውን ሌባ እጅ ነሥቶ ይሸኘዋል።

የሚወጣውን የሚጠይቁ ነፃ ፋየርዎሎች አሉ፤ ኮሞዶና ዞን አላርም በብዙ ሰው የታወቁ ናቸው። ኮሞዶ ጠንካራ ነው፣ ጠያቂም ነው። «ይህ ፕሮግራም ወደ ውጭ ሊወጣ ነው፣ ልፍቀድ?» እያለ መጀመሪያ ላይ ያሰለቻል። አስተያየታችን ቀጥተኛ ነው፦ ጥያቄውን አንብቦ የሚመልስ ሰው ካለ ጫኑት። ለሁሉም «ፍቀድ» የሚል ሰው ከሆነ የሚጠቀምበት አትጫኑት፤ የዊንዶውሱን አብርታችሁ ተዉት። ሳይነበብ የሚፈቀድ ፋየርዎል ያለውን ያህል ጥርጣሬ ነሥቶ ሰው ያዘናጋል። የዊንዶውሱን ለመጠቀም ደግሞ ሁለት ነገር ብቻ አድርጉ፤ መብራቱን አረጋግጡ፣ በኢንተርኔት ካፌም ሆነ በዶንግል ስትገናኙ «ፐብሊክ ኔትወርክ» የሚለውን ምረጡ። በዊንዶውስ 7 «ሆም» የሚለው በቤታችሁ ውስጥ ያሉ ሌሎች ኮምፒውተሮች ፋይላችሁን እንዲያዩ በር ይከፍታል። አንዳንድ ጌም የሚጭኑ ልጆች «ፋየርዎሉ አላስኬድ አለኝ» ብለው ያጠፉታል። ወላጆች፣ አንድ ጊዜ ገብታችሁ እዩት።

ስለ አንቲቫይረሱ ምርጫ በቅርቡ አንድ አባት ይዘው የመጡትን ላፕቶፕ እንናገር። በላዩ ላይ ሁለት አንቲቫይረስ ተጭኖበት፣ ለመብራት እንኳ ሩብ ሰዓት ይፈጅ ነበር። አንዱ ካስፐርስኪ ነው፣ ቀይ ምልክት ያሳያል።

«ጋሼ፣ ይሄ ካስፐርስኪ ፈቃዱ አልቋል እኮ» አልናቸው።

«ኡስታዝ፣ አላለቀም። ክራክ ነው፣ ለዘላለም ይሠራል ብሎ ነው የጫነልኝ።»

«ከመቼ ወዲህ ታድሷል?»

«መታደስ አለበት እንዴ?»

የብዙ ቤት ታሪክ ነው። ካስፐርስኪ ጥሩ ፕሮግራም ነው፤ ፈቃዱን ገዝቶ የሚያድሰው ይጠቀምበት። ክራክ ግን ምንድን ነው? ማንነቱ የማይታወቅ ሰው የሠራው፣ አንቲቫይረሱን አጥፍታችሁ ጫኑኝ የሚል ፕሮግራም ነው። ዘበኛ ለመቅጠር ብሎ ዘበኛውን አስተኝቶ የማያውቁትን ሰው ማስገባት! የተሰረቀ ፕሮግራም መጠቀም በሸሪዓ ምን ይባላል የሚለውን ለዑለማዎቻችን እንተዋለን፤ ለደኅንነት ሲባል ግን የተሰረቀ ዘበኛ የሚሉት ነገር አያዋጣም። ሁለት አንቲቫይረስ በአንድ ኮምፒውተር መጫንም እንዲሁ። ይጣላሉ፣ ኮምፒውተሩን ያዘገዩታል፣ አንዱ ሌላውን ቫይረስ ነው ብሎ ይይዛል።

የእኛ ምርጫ ይህ ነው። ዊንዶውስ 8 ያለው ሰው ከውስጡ ዊንዶውስ ዲፌንደር አብሮት መጥቷል፤ ያብራው። ሕጋዊ ዊንዶውስ 7 ለነበረው ሰው ማይክሮሶፍት ሴኩሪቲ ኢሴንሻልስ ይሆነው ነበር፤ ነፃ ነበር፣ አይጮህም ነበር፣ ማስታወቂያም አልነበረውም። ዊንዶውሱ ሕጋዊ ካልሆነ ግን አይቀበለውም ነበር። ለዚያ አቫስት ወይም አቪራ ነፃው ይሆናል። አቫስት በየዓመቱ መመዝገብ ይፈልግ ነበር፣ ምዝገባው ገንዘብ አያስከፍልም ነበር፤ «ይክፈሉ» የሚለውን መስኮት ዘግታችሁ «ነፃ» የሚለውን ፈልጉ። አቪራ ማስታወቂያው ያሰለቻል። ኤቪጂን የለመደ ይቀጥል፣ ልዩነቱ ሰው እንደሚከራከርበት ትልቅ አይደለም። ኢንዶኔዥያውያን የሠሩት ስማዳቭ ለፍላሽ ቫይረስ ተብሎ ከሌላው ጎን እንዲሠራ የተዘጋጀ ስለሆነ ሁለት አንቲቫይረስ አትጫኑ ካልነው ውጭ ነው፤ ብቻውን ግን አይበቃም።

ከስሙ ይልቅ ዕድሳቱ ይበልጣል። ሦስት ወር ያልታደሰ ምርጥ አንቲቫይረስ፣ ትናንት ከታደሰ መናኛ ያንሳል። «በሜጋ ባይት እየተቆጠረ የሚከፈልበት ዶንግል ይዘን በየቀኑ እንዴት እናድስ?» ለሚለው መልስ አለ። የእነዚህ ፕሮግራሞች ማደሻ ፋይል ለብቻው የሚወርድ አለ። አንድ ወንድም በሳምንት አንድ ቀን ኢንተርኔት ካለበት ቦታ ከኩባንያው ከራሱ ገጽ ያውርደውና በፍላሽ ለጀመዓው ያዳርስ። አንድ ጊዜ ተከፍሎበት ለሃያ ቤት ይበቃል።

ዊንዶውስ ኤክስፒን በተመለከተ ግን ምርጫ የለም። ማይክሮሶፍት ለኤክስፒ ጥገና መስጠት ያቆመው መጋቢት 30 ቀን 2006 ነው። ከዚያ በኋላ የሚገኝ ቀዳዳ ለተራ ሰው አይደፈንም። አንቲቫይረስ ቢደረብበት አጥሩ በፈረሰ ግቢ ዘበኛ ማቆም ነው። ያለን አሮጌ ኮምፒውተር ጥገና የሚያገኝ ዊንዶውስ የማይሸከም ከሆነ ሊኑክስ እንሞክር። በሚያዝያ 2006 የወጣው ኡቡንቱ 14.04 ለአምስት ዓመት ጥገና ያገኝ ነበር፤ ኡቡንቱ ክራክ የማያስፈልገው፣ ማንም ለማንም ቢቀዳው ሐላል የሆነ ነው። ለደካማ ኮምፒውተር ቀለል ያለው ሉቡንቱ አለ። ዐማርኛም ዐረብኛም ይጽፋል፤ በፍላሽ የሚመጣው የዊንዶውስ ቫይረስ አይነካውም። ለመልመድ ሁለት ሳምንት ይፈልጋል። ከሰላይ ፈጽሞ ያድናል አንልም፣ አያድንም።

አሁን ደግሞ ለራሳችን እንንገር። በጁሙዓ የምንሰማው ዜና፣ በፌስቡክ የሚመጣ ፎቶ፣ «ይህንን አይታችሁ ለአሥር ሰው አስተላልፉ» የሚል ፋይል ሁሉ በእኛ ዘንድ ሳይመረመር ይዞራል። ሱረቱል ሑጁራት በአንቀጽ 6 ወሬ ሲመጣ አጣሩ ይለናል። ለጆሮ የሚመጣውን ማጣራት ግዴታ ከሆነ ለፍላሽ የሚመጣው በምን ይለያል? ከላይ ያየናቸው ወጥመዶች ሁሉ የሠሩት በቴክኒክ ብቻ አይደለም። የሚወዱትን ሰው ፎቶ፣ ሊያነቡት የጓጉለትን ጽሑፍ ይዘው ነው የመጡት። ለእኛ ወጥመድ የሚያዘጋጅ ሰው የኮሚቴዎቻችንን ፎቶ ወይም «አዲስ የፍርድ ቤት ዜና» የሚል ስም እንደሚሰጠው ለማወቅ ጠንቋይ መሆን አያስፈልግም። ስለዚህ ፋይል ሲመጣ ላኪውን በሌላ መንገድ እንጠይቅ። «አንተ ነህ የላክኸው? ምንድን ነው?» ማለት ነውር አይደለም፤ የተጠየቀውም «አላመንኸኝም» ብሎ አይቀየም።

ስለ ስልክ ባጭሩ። ሒዩማን ራይትስ ዎች በመጋቢት 2006 ባወጣው ሪፖርት በምርመራ ወቅት የገዛ ስልክ ንግግራቸው የተከፈተላቸው ሰዎች ምስክርነት አለ። ኮምፒውተራችን ላይ የምንጭነው ፋየርዎል ለስልክ መስመር ምንም አያደርግም። የዘካ ተቀባዮችን ስም በኮምፒውተር ቆልፎ በስልክ ማንበብ ትርጉም የለውም። የላፕቶፑን ካሜራ ደግሞ በማይሠራበት ሰዓት በትንሽ ፕላስተር ሸፍኑት፤ በተለይ ሴቶች ባሉበት ክፍል የሚቀመጠውን። በዚህ የሚስቅ ይሳቅ።

ከሁሉም በላይ ያለው ግን ሶፍትዌር አይደለም። ከላይ የዘረዘርነው አማና፣ የዘካው ዝርዝር፣ የሽምግልናው ማስታወሻ፣ የኒካሑ ፎቶ፣ ኢንተርኔት በሚገናኝ ኮምፒውተር ላይ ለምን ይቀመጣል? ለመስጂዱ ሁለት ኮምፒውተር ካለ አንዱ ኢንተርኔት ፈጽሞ አይንካ፤ የሰው ፍላሽም አይግባበት። አንድ ብቻ ከሆነ ዝርዝሩ በፍላሽ ላይ ሆኖ ፍላሹ በቁልፍ ሳጥን ይቀመጥ፤ ሲከፈትም ዶንግሉ ይነቀል። ይህም ካልሆነ የድሮው ደብተር አልሞተም። የዳንግላ ዝናብ እንጂ የጣሊያን ኩባንያ አይደርስበትም።

በዚህ ነገር ላይ ለመረዳዳት ያሰብነው እንዲህ ነው። መድረሳው እስኪዘጋ በየቅዳሜው ከዐስር በኋላ ኮምፒውተሩን ይዞ የሚመጣ ሰው ፋየርዎሉን አብረን እናያለን፣ የፋይል መጨረሻ ስም የሚታይበትን እናስተካክላለን፣ ማደሻውን እንቀዳለታለን። ለእህቶች እሑድ ጧት በሴቶች ክፍል እህቶች ያስተምራሉ። ሁለት ነገር እንለምናለን፦ ከመምጣታችሁ በፊት የግል ፎቶና የሰው ምሥጢር ያለበትን ፋይል ከኮምፒውተሩ አውጥታችሁ ቤት አስቀምጡ፤ እኛም ማየት የለብንም። የይለፍ ቃላችሁንም ለእኛ አትንገሩን፤ ራሳችሁ ጻፉት።